ሀከር ማለት ምን ማለት ነው? ደሴ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ኮድ መማር የሚፈልጉ ልጆች እኔ ዘንድ ይሰበሰባሉ። በየሳምንቱ የማያመልጠን አንድ ቃል አለ፤ ሀከር። ደንበኛ ይፈራዋል፣ ልጆቹ ይመኙታል፣ ወላጅ ይደነግጥበታል። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ። ለምን እንደምወደው እየደጋገምኩ ከማስረዳ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው እዚህ አስቀመጥኳቸው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ ታች የማነሳው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛ ነው።

ሀከር ሌባ ማለት አይደል እንዴ?

አይደለም። ቃሉን ለራሳቸው መጠሪያ ያደረጉት ሰዎች ዘንድ ፈጽሞ አይደለም። በኦፕን ሶርስ ሰዎች፣ ማለትም ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ማንም እንዲያየውና እንዲለውጠው ክፍት በሚያደርጉት መካከል፣ ሀከር የሚባለው አንድ ነገር ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ካላወቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ካወቀው በኋላ ያሻሽለዋል። ያሻሻለውን ደግሞ ለሌላው ያካፍላል።

በጥር 1993 ኢንተርኔትን የሚገነቡ ባለሙያዎች አንድ የቃላት መፍቻ አውጥተው ነበር። ሀከር እዚያ ላይ የተፈታው እንዲህ ነው፦ የአንድን ሥርዓት፣ በተለይ የኮምፒውተርንና የኔትወርክን ውስጣዊ አሠራር ጠልቆ በማወቅ የሚደሰት ሰው። ቀጥለውም ቃሉ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው በመጥፎ እንደሚነገር፣ ለዚያ የሚስማማው ክራከር፣ ማለትም ሰባሪ፣ የሚለው ቃል እንደሆነ ጽፈዋል። "የሚደሰት" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሰው ይለፍ ቃል የተነሳ ነገር የለም።

ይህ ትርጉም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዝነኛ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም) የሚሠሩት ሰዎች የሚነጋገሩበት ዋናው መድረክ ስሙ "ሀከሮች" ነው። እዚያ ሀከር ማለት ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው ማለት ብቻ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ከአሻንጉሊት ባቡር። አሜሪካ ውስጥ ኤምአይቲ የሚባል የታወቀ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያ በ1946 ተማሪዎች የባቡር ሞዴል ክበብ አቋቋሙ። በክበቡ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ባቡሮቹን ይቀባሉ፣ ትንንሽ ዛፍና ቤት ይሠራሉ። ሌሎቹ ከጠረጴዛው ሥር ይገባሉ። እዚያ ሥር ሽቦውና የስልክ ማዞሪያ ዕቃው አለ፤ ባቡሮቹን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። እነዚህ ከጠረጴዛው ሥር ያሉት ልጆች አንድን ችግር ማንም ባላሰበው ብልሃት የፈታ ሥራ ሲያዩ "ሀክ" ይሉት ጀመር። ከእነሱ አንዱ ፒተር ሳምሰን በ1959 የክበቡን ቋንቋ በቃላት መፍቻ መልክ ጻፈው።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣላቸው። ቀን ቀን ማሽኑ በፕሮፌሰሮች ይያዛል። ስለዚህ ልጆቹ በሌሊት ይሄዱ ነበር። በ1962 ስቲቭ ራስል ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ፒዲፒ-1 በሚባለው ማሽን ላይ ስፔስዋር የተባለ ጌም ሠራ። ሁለት መንኮራኩሮች ጠፈር ላይ ይታኮሳሉ። ቆንጆው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሳምሰን ጌሙን አየና ከዋክብቱ እንዲሁ የተበተኑ መሆናቸው አላስደሰተውም። ትክክለኛውን የሰማይ ካርታ ጨመረበት። ዳን ኤድዋርድስ ደግሞ መሀል ላይ ላለችው ፀሐይ ስበት ሰጣት። ኮዱ ክፍት ስለነበር "ለምን ነካህብኝ" ያለ የለም። ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም ሳይወለድ ሥራው ተወልዶ ነበር ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ መለዋወጫ የጠፋለትን ማሽን ከሌላ ብረት ቆርጦ፣ ሞርዶ የሚያስነሳ ባለሙያ አይታችኋል? እሱ የሠራው ሀክ ነው። እነዚያ ልጆች ቢያዩት ከጠረጴዛው ሥር ቦታ ይለቁለት ነበር።

ታዲያ ስሙን ማን አጠፋው?

በዋናነት ዜናው ነው። በ1983 ሚልዋውኪ የሚባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ወጣቶች በስልክ መስመር የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ተያዙ። ከገቡባቸው መካከል ሎስ አላሞስ የተባለው የኒውክሌር ምርምር ማዕከልና አንድ የካንሰር ሆስፒታል ይገኙበታል። ጋዜጦች ልጆቹን ሀከር አሏቸው። ብዙ ሕዝብ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያኔ ነው፤ የሰማውም ከወንጀል ጋር ተጣብቆ ነው።

በኅዳር 1988 ደግሞ ሮበርት ሞሪስ የሚባል ተማሪ ራሱን እያባዛ ከማሽን ማሽን የሚዛመት ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች እንደተመቱ ተገምቷል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው። የዜናው ጩኸት ቃሉን ጨርሶ አጨለመው።

ሀከሮቹ ዝም አላሉም። በ1985 አካባቢ ለሰባሪው ሌላ ስም አወጡለት፤ ክራከር። እርስ በርሳቸው ተግባቡበት። ከሰፈራቸው ውጭ ግን አልያዘም። እኛ ጋ ቃሉ የደረሰው በፌስቡክ በኩል ነው፤ "አካውንቴ ሀክ ተደረገ" ከሚለው ጋር አብሮ። ስለዚህ ሰው በሀከር ስም ቢደነግጥ አልፈርድበትም።

ቴሌግራሜን ሀክ አደረጉብኝ፤ ታዲያ ይሄ የሀከር ሥራ አይደለም?

እንዲህ ብላችሁ ወደ ሱቄ ከምትመጡት አብዛኞቻችሁ ሀክ አልተደረጋችሁም። ተታልላችኋል። አንዲት እናት ባለፈው እያለቀሱ መጡ። ነገሩ ሲጣራ፣ አንድ ሰው ደውሎ "ዕጣ ደርሶዎታል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ" ብሏቸዋል። አነበቡለት። ያ ቁጥር የቴሌግራማቸው ቁልፍ ነበር። ደዋዩ ስለ ኮምፒውተር ምንም ማወቅ አላስፈለገውም። ይህን ሰው ሀከር ማለት ክብር መጨመር ነው። አጭበርባሪ በሉት።

ስልክ ላይ የሚገባን ቁጥር ለማንም አታንብቡ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩት። ካልቻላችሁ ወደ እኔ ኑ፣ አልቆይባችሁም።

በአማርኛ ምን ብንለው ይሻላል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ዜና ላይ የምንሰማቸው "ሰርጎ ገብ"፣ "የመረጃ መንታፊ"፣ "ጠላፊ" የሚሉትን ነው። ሦስቱም ሰውየውን ገና ስሙን ሲጠሩት ፈርደውበታል።

ግን "ጠላፊ" የሚለውን እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በአማርኛችን አውሮፕላን ይጠለፋል። ድሮ ልጃገረድ ትጠለፍ ነበር፤ ክፉ ነገር ነው። ቀሚስም ግን ይጠለፋል! እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ልጅ ሆኜ ጎኗ ተቀምጬ አያት ነበር። ጎረቤት ቆንጆ ጥልፍ ለብሳ ስትመጣ እናቴ ፊቱን አይታ አትረካም። "እስቲ አንዴ ገልብጪልኝ" ትላለች። ከጀርባው ክሩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልፍ፣ የት እንደታሰረ ትቆጥራለች። ከዚያ ማታ ተቀምጣ የራሷን ትሠራለች። ያንኑ አትደግመውም፤ ጠርዙን ትለውጠዋለች፣ ቀለም ትጨምራለች። ሌላዋ ሴት መጥታ "አሳዪኝ" ስትላት እሷም ገልብጣ ታሳያለች።

ኦፕን ሶርስ ውስጥ ሀከር ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ፊቱ ሁላችንም የምንነካው ስክሪን ነው። ጀርባው ሶርስ ኮዱ ነው። ሀከር ገልብጦ ያያል፣ የራሱን ይጨምራል፣ ያሳያል። ስለዚህ "ጠላፊ" የሚለው ቃል ሁለቱንም ትርጉም ይዟል፤ እኛ ግን ወደ አንዱ ብቻ ጎተትነው።

ለዕለት ንግግር "ሀከር"ን እንዳለ ብንይዘው ይሻለኛል። ለሰባሪው ግን አማርኛ ድሮም ስም ነበረው። ግድግዳ ነድሎ የሰው ቤት የሚገባውን ሌባ ሰርሳሪ እንለው የለ? ክራከር ማለት ሰርሳሪ ነው። ዜና አንባቢዎች ይህን ቢይዙልን ደስታውን አልችለውም።

ኦፕን ሶርስና ሀከር ምን አገናኛቸው?

አንድ ፕሪንተር። በ1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን ኤምአይቲ ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪ ይሠራ ነበር። የላብራቶሪው አሮጌ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲልክ ስቶልማን ራሱ ፕሮግራሙን አስተካክሎት ነበር። ከዚያ ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር መጣ። እሱም ይነክሳል። ስቶልማን ያንኑ ማስተካከያ ሊሠራለት ፈለገ፤ ግን ሶርስ ኮዱ አብሮ አልመጣም። ኮዱ ያለው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው ለማንም ላለማሳየት ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። ጥልፉን ገልብጪልኝ ብትሏት ሴትዮዋ "እንዳላሳይ ፈርሜያለሁ" እንደማለት ነው።

ስቶልማን ይህን አልረሳውም። መስከረም 27 ቀን 1983 ግኑ የተባለ፣ ማንም ሊያየውና ሊለውጠው የሚችል ሙሉ ሲስተም እንደሚሠራ አስታወቀ። በ1985 የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን አቋቋመ። በ1989 ጂፒኤል የሚባለውን የፈቃድ ውል አወጣ።

ይህን ውል ለልጆቹ የማስረዳቸው በቅሬ ነው። የወሎ ሰው ቅሬ ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የቅሬው ድንኳን የሁሉም ነው። ሐዘን ሲደርስብህ ወስደህ ትተክለዋለህ። ቀዳዳ ካገኘህ ትሰፋዋለህ። ስትመልሰው ግን ከነስፌቱ ነው። "ሰፍቼዋለሁና ከእንግዲህ የኔ ነው" ብለህ ቤትህ ብትቆልፍበት ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ። ጂፒኤል የሚለው ይህንኑ ነው። ተጠቀም፣ መርምር፣ ለውጥ፣ አባዛ፤ ለሌላው ስታስተላልፈው ግን የለወጥከውንም ኮድ በዚያው ፈቃድ ስጥ። ሁሉም የኦፕን ሶርስ ውሎች እንዲህ ጥብቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ለቀቅ ያሉ ናቸው።

በነሐሴ 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ ለጊዜ ማሳለፊያ ብሎ የጀመረውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም (ማሽኑን የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም) ልብ ይፋ አደረገ፤ ሊኑክስ። በቀጣዩ ዓመት በጂፒኤል ሥር አስገባው። ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ልብ ሊኑክስ ነው። ከሰኞ ገበያ እስከ ሐይቅ ድረስ በየሰው ኪስ የሚዞረው ያ ነው።

"ኦፕን ሶርስ" የሚለው ስም ግን የመጣው ዘግይቶ፣ በየካቲት 1998 ነው። ያወጣችው ክሪስቲን ፒተርሰን ናት። ብዙ ጊዜ የወንዶቹ ስም ብቻ ስለሚነሳ የሷን ሆን ብዬ አነሳለሁ።

አንድ ሀከር በተግባር ምን ሲሠራ ይውላል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የሰው ኮድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ዓለምን ያድናል። ይህን ያልኩት አጋንኜ አይደለም።

በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ሀከር ኮምፒውተሩ ላይ ፍጥነት እየለካ ነበር። ከርቀት ወደ ማሽኑ መግቢያው ፕሮግራም ወትሮ ከሚፈጅበት በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! ሌላ ሰው ቢሆን ኔትወርኩ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ክሩን ይዞ መጎተት ጀመረ። ጎትቶ ጎትቶ ኤክስዜድ የሚባል፣ ፋይል ማመቂያ ሥራ ያለው ትንሽ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ላይ ደረሰ። ውስጡ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። በዚያ በር የገባ ሰው በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰርቨሮችን እንደ ልቡ ሊያዝ ይችል ነበር። ፍሮይንድ መጋቢት 29 ቀን ይፋ አደረገው። በሩ በዋና ዋናዎቹ የሊኑክስ ሥሪቶች ውስጥ በሰፊው ሳይሰራጭ ተዘጋ።

በሩን የሠራው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ ራሱን እንደ ጥሩ ሠራተኛ እያሳየ፣ እየረዳ፣ አደራ ተቀብሎ ነው ያንን ያደረገው። አየር ላይ ካለ ስም በቀር ማንነቱ አልተገለጠም። ሁለቱም ሰዎች ጎበዝ ፕሮግራመሮች ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ስም ሀከር ብለን ከጠራን ምን እንደምናጠፋ እዩት። አንዱ አደራ በላ ነው። ሌላው ጨርቁን ገልብጦ ያየ ነው። ጨርቁ የማይገለበጥ ቢሆን ኖሮ ፍሮይንድ ግማሽ ሰከንዱን ቆጥሮ እዚያው ይቀር ነበር።

ነጭ ኮፍያ፣ ጥቁር ኮፍያ የሚሉትስ?

የኮምፒውተር ደህንነት ሰዎች ቋንቋ ነው። ነጭ ኮፍያ በባለቤቱ ፈቃድ ቀዳዳ የሚፈልግ ነው፤ ጥቁር ኮፍያ ያለ ፈቃድ ገብቶ የሚጎዳ። ይጠቅማል፣ ግን ሀከርነትን ወደ መግባትና አለመግባት ጉዳይ ያጠበዋል። አብዛኛው የኦፕን ሶርስ ሀከር የማንንም በር አንኳኩቶ አያውቅም።

ለመማር ብዬ የሰው ሲስተም ብሞክር ችግር አለው?

አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ መግባትን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። አንድ ነገር ባትወስድም መግባትህ ብቻ ያስቀጣል፤ እስከ እስራት ይደርሳል። "ልማር ብዬ ነው" የሚለው አያድንህም።

ለመማር የሰው በር አያስፈልግህም። የራስህን ስልክ፣ የራስህን ራውተር፣ የራስህን አሮጌ ላፕቶፕ ፈታታ። ቀዳዳ ለሚያገኝላቸው ሰው ፈቃድ ሰጥተው ገንዘብ የሚከፍሉ ድርጅቶችም አሉ፤ ደንባቸውን አንብበህ እዚያ ሞክር።

የባለቤቴን ስልክ ሀክ ታደርግልኛለህ?

አላደርግም። ተነጋገሩ።

ራሴን ሀከር ብዬ መጥራት እችላለሁ?

ማን ይከለክልሃል። ግን ስሙ የሚያምረው ሌላው ሲሰጥህ ነው። ገበሬ "ጎበዝ አራሽ ነኝ" ብሎ አይዞርም፤ ማሳውን ያየ ጎረቤት ነው የሚለው። ኦፕን ሶርስ ውስጥም ማንነትህን፣ የየት አገር ሰው መሆንህን፣ ዲግሪህን የሚጠይቅህ የለም። ያስተካከልከው ኮድ ይታያል፤ ጥሩ ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ ከነምክንያቱ ይመለሳል። መመለሱ መጀመሪያ ያማል። የኔ የመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ተመልሷል። በአራተኛው ሲገባ ከሱቁ ወጥቼ ፒያሳን ዞሬ ነው የተመለስኩት፤ መቀመጥ አቅቶኝ።

ኮድ ብቻም አይደለም። መመሪያ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም፣ ስህተትን በደንብ አጣርቶ የሚያሳውቅ ሰው ሥራው እኩል ይፈለጋል።

ወሎ ሆኜ፣ ላፕቶፕ ሳይኖረኝ፣ መብራትም ኔትወርክም እየጠፋ እንዴት እጀምራለሁ?

አንድሮይድ ስልክ ካለህ ተርመክስ የሚባል የኦፕን ሶርስ አፕ አውርድ። ስልክህን ትንሽ የሊኑክስ ማሽን ያደርግልሃል። ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ መጻፍ ትችላለህ። የኔ ተማሪዎች ግማሾቹ የጀመሩት እንዲያ ነው።

ለኔትወርኩ ደግሞ ጊት የሚባለውን ተማር። ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ነው። ፕሮጀክቱን አንዴ ካወረድክ ሙሉው ኮድ ከነታሪኩ እጅህ ላይ ነው። ያለ ኢንተርኔት ትሠራለህ፣ ትመዘግባለህ፤ ኔትወርክ ሲመለስ ትልከዋለህ። ወሎ ውስጥ ኔትወርክ ለሳምንታት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጊት ለእኛ የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

ምን ልሥራ ካልክ ከፊደላችን ጀምር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚያውቁበት የጋራ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። የሰው ውል፣ የሰው ማመልከቻ እንዲያ ሲበላሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ገልብጠህ ልታየው ትችላለህ። ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ደግሞ አማርኛ ትርጉማቸው በጅምር ቀርቷል። ያን መጨረስ የሚችለው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ልጄ "ሀከር እሆናለሁ" አለኝ። ልከልክለው?

ጋሼ፣ መጀመሪያ "ምን ሠራህ? አሳየኝ" ይበሉት። የሰው ፌስቡክ ከፈትኩ ካለዎት ይቆጡት፤ አዋጁንም ያስነብቡት። የቤቱን ሬዲዮ ፈታትቶ አንድ ብሎን ተርፎት ከሆነ ግን አይቆጡ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ እኔ ይላኩት። ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች አሉኝ፣ ሁለቱም ላይ ሊኑክስ ጭኛለሁ። አንዱ ኪቦርዱ ላይ "ሀ" አይሠራም፤ እሱን በማስተካከል ይጀምራል። ሬዲዮውንም ይዞት ይምጣ።